ከካምፓላ እስከ ትሪፖሊ፦ የአንድ ሰርቢያዊ አሰልጣኝ መንገድና የጎንደር እግር ኳስ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ሰርቢያዊ የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነው። ሙሉ ስማቸው ሚሉቲን ስሬዶዬቪች ይባላል፤ ከካምፓላ እስከ አዲስ አበባ፣ ከኪጋሊ እስከ ኦምዱርማን ያለው ተመልካች ግን «ሚቾ» እያለ ነው የሚጠራቸው። ጎንደር ላይ ተቀምጠን ስለ ሰርቢያዊ ማውራት ምን ይረባናል የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ሚቾ የጎንደሩን ፋሲል ከነማን አላሠለጠኑም። ክለባችን የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳውም በኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ፣ በሥዩም ከበደ ነው። ታዲያ የሚቾን ታሪክ ለምን መረጥኩ?

እኝህ ሰው በተጫዋችነት ስማቸው የገነነ አይደሉም። ወደ አፍሪካ ሲመጡ ዕድሜያቸው ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ታላቅ ክለብ አሠልጥነው፣ ዋንጫ ደርድረው አልመጡም። ከዚያ በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ በአህጉራችን ከክለብ ወደ ክለብ፣ ከብሔራዊ ቡድን ወደ ብሔራዊ ቡድን እየተዘዋወሩ ሠሩ። አሰልጣኝነታቸውን የሠራው መንገዱ ነው፤ መንገዱም የኛው መንገድ ነው፤ ካምፓላ፣ አዲስ አበባ፣ ዳሬሰላም፣ ኦምዱርማን። አንድ ባዕድ በኛ ሰፈር ተምሮ ባለሙያ ከሆነ፣ የሰፈሩ ልጅ ለምን በዚያው መንገድ አይሄድም? የዛሬው ነገሬ ይኸው ነው። ለአድማጭ እንዲመች የውጭውን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገር ቤቱን ደግሞ «ዓ.ም.» እያልኩ በእኛው እጠራለሁ።

በቅድሚያ ሰውየው ከየት እንደመጡ እንይ። ሚቾ በ1969 ሲወለዱ አገራቸው ዩጎዝላቪያ ትባል ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጋርም የጠበቀ ወዳጅነት ነበራት። መሪዋ ማርሻል ቲቶ በ1955 አዲስ አበባን ጎብኝተዋል። በ1961 የገለልተኛ አገሮች መሪዎች ቤልግሬድ ላይ ሲሰበሰቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተገኝተዋል። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቅርጾች የሠሩት አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሚባሉ የዚያች አገር ቀራጮች ናቸው። በዚያ ዘመን ከዩጎዝላቪያ መሐንዲሱም፣ ሐኪሙም፣ አርክቴክቱም፣ የስፖርት መምህሩም ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ይወጣ ነበር። እግር ኳሳችንም ከዚህ ድርሻውን አግኝቷል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስላቭኮ ሚሎሼቪች የሚባሉ ዩጎዝላቭ አሰልጣኝ ስማቸው ከብሔራዊ ቡድናችን ጋር ይነሳል። ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ባነሳችበት በ1962 ግን ቡድኑን የመሩት የኛው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አህጉራችን ገና ሦስተኛ ዋንጫውን ሲያዘጋጅ ኢትዮጵያዊ አሰልጣኝ ከአፍሪካ ሁሉ ፊት ቆሞ ነበር።

ከዚያች አገር የወጡ አሰልጣኞች ዓለምን አዳርሰዋል። ቦራ ሚሉቲኖቪች አምስት የተለያዩ አገሮችን ይዘው በአምስት ተከታታይ የዓለም ዋንጫዎች ቀርበዋል፤ ሜክሲኮን በ1986፣ ኮስታሪካን በ1990፣ አሜሪካን በ1994፣ ናይጄሪያን በ1998፣ ቻይናን በ2002። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ከምድብ አሳልፈዋል። ወደ ጎረቤታችን ቀረብ ስንል ራቶሚር ዱይኮቪችን እናገኛለን። ሩዋንዳ በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ የተሳተፈችው በእሳቸው ጊዜ፣ በ2004 ነው። ሁለት ዓመት ቆይተው ደግሞ ጋናን ለመጀመሪያ የዓለም ዋንጫዋ ጀርመን አደረሱ። ሚሎቫን ራዬቫች ጋናን በ2010 እስከ ዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ወሰዱ። የዚያ ውድድር የመጀመሪያ ጨዋታቸው ከማን ጋር እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ከገዛ አገራቸው ከሰርቢያ ጋር። አሳሞአ ጂያን ፍጹም ቅጣት ምቱን አስቆጠረ፤ ሰርቢያዊው ሰርቢያን 1 ለ 0 አሸነፉ። የአሰልጣኝ ሙያ እንዲህ ነው፤ የቀጠረህን ታገለግላለህ።

ይህ ሁሉ አሰልጣኝ ከአንድ ትንሽ አገር እንዴት ወጣ ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አንዱ መልስ ትምህርት ነው፤ አሰልጣኝነት እንደ ማንኛውም ሙያ በትምህርት ቤት የሚቀሰም ነበር። ሌላው መልስ ችግር ነው። ዩጎዝላቪያ ስትፈርስ ሊጉ ተበጣጠሰ። በ1992 በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ምክንያት ብሔራዊ ቡድኑ ከአውሮፓ ዋንጫ ተባረረ፤ በምትኩ የተጠራችው ዴንማርክ ዋንጫውን ወሰደች። በዚያ ጊዜ ሚቾ ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበሩ። አገር ሲጠብ ሙያ ያለው ሰው ይወጣል። እኛም መውጣትን የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም፤ የኛ ሰው ግን ሲወጣ ሙያውን ይዞ የሚወጣው ስንቱ ነው? ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

ሚቾ በ2001 ካምፓላ ገቡና ኤስሲ ቪላን ያዙ። ቪላ በኡጋንዳ ሊግ ዋንጫ ላይ ዋንጫ እየደራረበ ቆየ፤ በ2003 ደግሞ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦችን ዋንጫ አነሳ። ሰውየው በእነዚያ ዓመታት ያገኙት ግን ከዋንጫ ይበልጣል፤ አካባቢውን ተማሩ። የኡጋንዳ ተጫዋች ምን እንደሚችል፣ የታንዛኒያ ክለብ እንዴት እንደሚጫወት፣ ዳኛው ምን እንደሚያልፍና ምን እንደማያልፍ፣ ደመወዝ ሲዘገይ የመልበሻ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር አወቁ። በ2004 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሲቀጥራቸው አዲስ አበባ የገቡት ይህን ስንቅ ይዘው ነው።

ፈረሰኞቹ የሚባሉት ጊዮርጊሶች በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. ተከታትለው የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ። ከዚያ ሚቾ ወደ ደቡብ አፍሪካው ኦርላንዶ ፓይሬትስ ሄዱ። እሳቸው በሌሉበት በ1999 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ ሐዋሳ ወረደ። በዳሬሰላሙ ያንግ አፍሪካንስ፣ በተለምዶ ስሙ ያንጋ፣ አጭር ቆይታ አድርገው እንደገና ወደ ጊዮርጊስ ተመለሱ፤ ክለቡም በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ዋንጫውን መልሶ ወሰደ። ይህ ሁሉ የእሳቸው ሥራ ነው አልልም። ጊዮርጊስ እሳቸው ከመምጣታቸው በፊትም ከሄዱ በኋላም ዋንጫ የሚያነሳ ክለብ ነው። ነገር ግን አንድን ሰው አሰናብቶ መልሶ የሚጠራ ክለብ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ያየው ነገር እንዳለ ጥርጥር የለውም።

ከዚያ የአዲስ አበባ ቆይታ አንድ ስም ላንሳ። ዴኒስ ኦኒያንጎ የሚባል ወጣት ኡጋንዳዊ ግብ ጠባቂ ከቪላ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የመጣው በእነዚያ ዓመታት ነው። ዕድሜው ሃያ ዓመት ገደማ ነበር። ከኛ ሊግ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ። በ2016 ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ ጋር የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሳ፤ በአፍሪካ ውስጥ ከሚጫወቱት መካከል የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። አስቡት፤ ያ ግብ ጠባቂ የአዲስ አበባን ስታዲየም ረግጦ ነው ወደዚያ ያለፈው። የኛ ሊግ ለባዕድ አሰልጣኝና ለባዕድ ግብ ጠባቂ መወጣጫ ሆኖ አገልግሏል። መወጣጫው ከኛው ደጃፍ ቆሞ ሳለ የኛ ልጆች የወጡበት ስንት ናቸው?

ሚቾ ከአዲስ አበባ የሄዱት ለጎንደሬ ሩቅ ወዳልሆነ አገር ነው፤ ከመተማ ማዶ፣ ወደ ኦምዱርማን። አልሂላልን ይዘው በ2011 የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ፤ በቱኒዚያው ኤስፔራንስ ተሸነፉ። ከዚያ የሩዋንዳን ብሔራዊ ቡድን ያዙ፤ በ2013 ተሰናበቱ። ብዙ አልቆዩም፤ በዚያው ዓመት ኡጋንዳ ጠራቻቸው።

ትልቁ ሥራቸው እዚህ ላይ ነው። ኡጋንዳ በ1978 የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በጋና ከተሸነፈች ወዲህ ወደ ውድድሩ አልተመለሰችም ነበር። አንዳንዴ በማጣሪያው እስከ መጨረሻው ትደርስና በመጨረሻዋ ጨዋታ ትወድቅ ነበር። መስከረም 2016 ላይ ናምቦሌ ስታዲየም ፋሩክ ሚያ በኮሞሮስ ላይ ያስቆጠራት አንዲት ጎል ያን ሁሉ ዓመት ዘጋች። ከ39 ዓመት በኋላ ኡጋንዳ ጋቦን ላይ ተገኘች። በምድቧ በጋናና በግብፅ እያንዳንዳቸው 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ከማሊ ጋር 1 ለ 1 ተለያይታ ተመለሰች። ግን በተሸነፈችባቸው ጨዋታዎች እንኳ በሰፊ ውጤት አልተበለጠችም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍም፣ የ2016 የዓመቱ ምርጥ ብሔራዊ ቡድን ብሎ መረጣት።

እኛንም በዚሁ ጉዟቸው ላይ አግኝተውናል። በ2015 መጨረሻ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች የሴካፋ ዋንጫ በአገራችን፣ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ባህር ዳር ላይ ሲካሄድ የሚቾ ኡጋንዳ ብሔራዊ ቡድናችንን፣ ዋልያዎቹን፣ በግማሽ ፍጻሜ በመለያ ምት ጥላ፣ በፍጻሜው ሩዋንዳን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። ይህን ስል ቁጭት አይደለም የማስታውሳችሁ። ሰውየው በመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች የገጠሟቸው ሁለት አገሮች ሁለቱም ያሠለጠኑባቸው አገሮች ነበሩ። ተጫዋቾቹን ያውቃሉ፤ ሜዳውን ያውቃሉ፤ የኛን የአጨዋወት ልማድ ያውቃሉ። መንገድ የሚሰጠው እውቀት ማለት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2017 ያልተከፈለ ደመወዝን ምክንያት አድርገው ኡጋንዳን ለቀቁ፤ ወደ ፓይሬትስ ተመለሱና ሁለት ጊዜ በሊጉ ሁለተኛ ሆኑ። በ2019 ዛማሌክን ይዘው የግብፅን ዋንጫ አነሱ፤ ጥቂት ወራት ቆይተው ተሰናበቱ። ከዛምቢያ ጋር ወደ አፍሪካ ዋንጫ ማለፍ አልቻሉም። ሁለተኛ ጊዜ ኡጋንዳን ያዙ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ግን አልደገሙትም። ከዚያ ሊቢያን ያዙ። ስለ ሰውየው ስናገር የማልዘለው ጉዳይም አለ፤ በ2021 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት በጾታዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ በገደብ የሚቆይ የእስር ቅጣት ፈርዶባቸዋል። አንድ ክለብ አሰልጣኝ ሲቀጥር የሚያስረክበው የተጫዋች ስብስብ ብቻ አይደለም፤ ታዳጊዎቹንና ሠራተኞቹንም ጭምር ነው። የሙያ ታሪክ ሲነበብ ይህም አብሮ ሊነበብ ይገባዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ትምህርቱ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ፈጥነን የምንደርስበት መደምደሚያ «የውጭ አሰልጣኝ ይሻላል» የሚል ነው። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሚቾ በኋላም ሰርቢያውያን ቀጥሯል። ሰርጃን ዚቮይኖቭ መጡ፤ የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ሳቢያ ተሰረዘ፤ እሳቸውም ሄዱ። በ2021 ዝላትኮ ክርምፖቲች መጡ፤ ብዙ ሳይቆዩ ተሰናበቱ። ቡድኑን የተረከቡት ምክትል የነበሩት ዘሪሁን ሸንገታ ናቸው። ዘሪሁን በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ተከታትለው ዋንጫውን አነሱ። ሚቾም፣ ዚቮይኖቭም፣ ክርምፖቲችም ከአንድ አገር የመጡ ናቸው። ልዩነቱ ፓስፖርቱ ላይ ከሆነ ሦስቱም እኩል በተሳካላቸው ነበር። ሚቾን የረዳቸው አዲስ አበባ ከመግባታቸው በፊት ካምፓላ ላይ መሥራታቸውና ከገቡ በኋላም ጊዜ ማግኘታቸው ነው። ዘሪሁንን የረዳቸውም ያው ነው፤ ቤቱን ያውቁታል።

ለጎንደር ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። የቤተ ክህነት ተማሪ በአንድ መምህር ሥር ተቀምጦ ሊቅ አይሆንም። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ይወርዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አባ ይሄዳል፤ ቅኔውን ጎጃም ተሻግሮ ይቀጽላል፤ ለአቋቋምና ለመጻሕፍት ትርጓሜ ደግሞ ወደ ጎንደር ይመጣል። የሄደበት ሁሉ እንግዳ ነው፤ ለምኖ ያድራል፤ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ይሰማል። ተመልሶ ሲያስተምር ግን የሚያስተምረው የሁሉንም ነው። ሚቾም ያደረጉት ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ያለፉባቸው ጉባኤዎች ቪላ፣ ጊዮርጊስ፣ ፓይሬትስ፣ ያንጋ፣ አልሂላል ናቸው። ይህን ሥርዓት ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቅ ሕዝብ በእግር ኳስ ጊዜ ሲረሳው ያስገርመኛል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ፋሲል ከነማ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ተመሥርቶ ለረጅም ጊዜ በታችኛው ሊግ ቆየ፤ በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ። ውበቱ አባተ ባሠለጠኑበት በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ አነሳ። ውበቱ ኋላ ዋልያዎቹን ይዘው ካሜሩን ላይ ለተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ አድርሰዋል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በሥዩም ከበደ አሰልጣኝነት የፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንደር ገባ። ያን ዓመት አስታውሱት። ውድድሩ በኮሮና ምክንያት በተመረጡ ከተሞች ነበር የሚካሄደው። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። አፄዎቹ የምንላቸው የፋሲል ተጫዋቾች በገዛ ሜዳቸው፣ በፋሲለደስ ስታዲየም፣ በደጋፊያቸው ፊት ሳይጫወቱ ነው ሻምፒዮን የሆኑት። የጎንደር ታላቁ የእግር ኳስ ድል በመንገድ ላይ የተገኘ ድል ነው።

አህጉራዊውን መድረክ ስናይ ግን የመንገድ እጥረታችን ይታያል። በ2019 ፋሲል የታንዛኒያውን አዛምን ባህር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ዳሬሰላም ላይ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ። በ2021 ከአልሂላል ጋር ባህር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ ሱዳን ላይ 1 ለ 1 ተለያይቶ ከሜዳ ውጭ በሚቆጠር ጎል ተሰናበተ። እነዚህ ውጤቶች የሚያሳፍሩ አይደሉም፤ በጠባብ ልዩነት የታጡ ናቸው። በጠባብ ልዩነት የሚጠፋ ጨዋታ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በኳስ ችሎታ ሳይሆን በልምድ ነው። ተጋጣሚውን በእሱ ሜዳ እንዴት እንደሚያደክሙት፣ ጎል ከገባብን በኋላ ያሉትን አምስት ደቂቃዎች እንዴት እንደምናሳልፋቸው የሚያውቅ አሰልጣኝ፣ ዳሬሰላምንና ኦምዱርማንን ከዚያ ቀደም ያየ አሰልጣኝ ነው። አዛም ከያንጋ ጋር በአንድ ከተማ የሚወዳደር ክለብ ነው፤ አልሂላልንም ያንጋንም ሚቾ አሠልጥነዋል። እኛን ለማሸነፍ በቂ የሆነውን እውቀት አንድ ሰርቢያዊ ከዓመታት በፊት ሰብስቦታል፤ በአንጻሩ ከኛ አሰልጣኞች ውስጥ በእነዚያ ከተሞች ወቅቱን ሙሉ ተቀምጦ የሠራ ማን አለ?

እዚህ ላይ ስለ ደጋው አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አየሩ ስለሚሳሳ በረጅሙ የተመታ ኳስ ቶሎ ይከንፋል፤ ግብ ጠባቂው ከለመደው ቀድሞ ይደርስበታል። ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ ስንወጣ ነገሩ ይብሳል፤ ደባርቅ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። ፊፋ በ2007 ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይደረግ ከልክሎ ነበር፤ የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ተቆጥተው ተከራከሩ፤ እገዳው በዓመቱ ተነሳ። ያ ሕግ ቢጸና ኖሮ የስሜን ልጅ በሰፈሩ ሜዳ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ማየት አይፈቀድለትም ነበር።

ሚቾ በሥራ ዘመናቸው ከትሪፖሊና ከዳሬሰላም የባሕር ጠረፍ፣ በኦምዱርማን ንዳድ በኩል፣ እስከ አዲስ አበባ ደጋ ድረስ ሠርተዋል። ተጫዋች ከደጋ ቆላ ሲወርድ፣ ከቆላ ደጋ ሲወጣ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን ይህን ጉዳይ ከኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ማን ነው? በወገራ ደጋ፣ በስሜን ተራራ ግርጌ ልጆች የሚያሠለጥን ሰው የልምምዱን ጫና፣ የዕረፍቱን ርዝመት፣ ውኃ የሚጠጣበትን ሰዓት ከፍታው ራሱ ያስተምረዋል። ይህን የሚያየውን ነገር በደብተር ቢያሰፍረው፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ መምህራን ቢለኩትና ቢያረጋግጡት፣ ናይሮቢም፣ ጆሃንስበርግም፣ ላፓዝም የሚፈልጉት እውቀት ነው። ለዓለም የምንሸጠው ሙያ የለንም አንበል።

መውጣት እንደሚቻል ደግሞ ማስረጃ አለን። አብርሃም መብራቱ የየመንን ብሔራዊ ቡድን ይዘዋል። የመን በጦርነት ላይ ነበረች፤ ቡድኑ በአገሩ ሜዳ መጫወት አይችልም ነበርና የሜዳውን ጨዋታዎች ኳታር ላይ ያደርግ ነበር። በመጋቢት 2018 የመን ኔፓልን 2 ለ 1 አሸንፋ ከተዋሐደች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ አለፈች። ዱይኮቪች ለሩዋንዳ የሠሩትን፣ ኢትዮጵያዊው አብርሃም ለየመን ሠሩት። ሊጉ ቆሞ፣ ተጫዋቾቹ ተበትነው፣ ሜዳ ጠፍቶ! ውድድሩ ሲደርስ አብርሃም ዋልያዎቹን ሊያሠለጥኑ ወደ አገር ተመልሰው ነበርና ቡድኑን ይዘው የቀረቡት ስሎቫካዊ አሰልጣኝ ናቸው፤ ያለፈው ግን በእሳቸው እጅ ነው። ይህን ታሪክ በየመዝናኛው ስንት ሰው ያወራዋል? የሞሪንሆን የዝውውር ወሬ ከምናወራው ጊዜ ሩቡን ለአብርሃም ብንሰጠው ለልጆቻችን ሌላ ምኞት እናሳያቸው ነበር።

የኛን አሰልጣኝ እቤት ያስቀረው ምንድን ነው? አንዱ ፈቃድ ነው፤ ካፍ አሰልጣኞችን ከሲ ወደ ቢ፣ ከቢ ወደ ኤ፣ ከዚያም ወደ ፕሮ እያሳደገ ፈቃድ ይሰጣል፤ ከፍ ያለው ፈቃድ ከሌለህ በአህጉራዊ ውድድር ከሜዳው ጠርዝ ቆመህ ቡድን መምራት አትችልም። ሁለተኛው ቋንቋ ነው፤ በሦስት ቋንቋ መልበሻ ክፍል መምራት የሚችል ሰው ገበያው ሰፊ ነው። ሦስተኛው ወረቀት ነው፤ የሠራውን የሚያሳይ የልምምድ ዕቅድ፣ የጨዋታ ትንታኔ፣ በቪዲዮ የተደገፈ ማስረጃ የሌለው አሰልጣኝ ማንነቱን ለባዕድ ክለብ ማስረዳት አይችልም። አራተኛውና ዋናው ግን አገር ውስጥ ያለው ልማዳችን ነው። አሰልጣኝ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ይባረራል። በየዓመቱ የሚባረር ሰው የሚያሳየው ሥራ አይኖረውም። ለሚቾ ሁለት ጊዜ ዕድል የሰጠች አገር ለልጇ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን መስጠት ያቅታታል።

ስለዚህ ለክለባችን አመራር፣ ለክልሉ ፌዴሬሽንና እዚህ ላላችሁት አሰልጣኞች ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ፋሲል ነገ የውጭ አሰልጣኝ ቢቀጥር እኔ አልቃወምም። ነገር ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፤ አብሮት የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ምክትል ይኑር፤ ምክትሉ ኮን ደርዳሪ አይሁን፤ የልምምድ ዕቅዱ በየሳምንቱ ለክለቡ ይሰጥ፤ ሰውየው ሲሄድ ደብተሩ ይቅር። ዘሪሁን ሸንገታ ከምክትልነት ተነስተው ሁለት ዋንጫ ያነሱት ምክትልነት ትምህርት ቤት ሊሆን ስለሚችል ነው።

ሁለተኛ፣ ክለቡ ወይም ከተማው በየዓመቱ አንድ ወጣት አሰልጣኝ ወደ ጎረቤት አገር ይላክ። አውሮፓ አላልኩም። ካምፓላ፣ ዳሬሰላም፣ ኪጋሊ ይበቃል፤ ሚቾም የተማሩት እዚያ ነው። አንድ የውድድር ዘመን በታንዛኒያ ክለብ ምክትል ሆኖ፣ ወይም የታዳጊ ቡድን ይዞ የሠራ የጎንደር ልጅ ሲመለስ፣ በሚቀጥለው የአህጉር ጨዋታ ዳሬሰላምን ለፋሲል የሚያስረዳ ሰው ይሆናል። ወጪው አንድ መካከለኛ ተጫዋች ለማዛወር ከምንከፍለው የሚበልጥ አይመስለኝም።

ሦስተኛው ለናንተ ለወጣት አሰልጣኞቹ ነው። ጻፉ። ዛሬ ያሠራችሁትን ልምምድ ዛሬ ማታ ጻፉ። እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ፤ ዓረብኛም ስዋሂሊም ጨምሩበት። ፈቃዳችሁን አታሳድሩ። ደጋውን አጥኑት። የምክትልነት ጥሪ ከየትም ይምጣ፣ ከሩቅ ይሁን ከቅርብ፣ ደመወዙ ቢያንስም ሂዱ። ሚቾም ከታላላቅ ክለቦች አልጀመሩም፤ ቪላ ላይ የጀመረ ሰው ነው ዛማሌክ የደረሰው።

ይድነቃቸው ተሰማ ኢትዮጵያን ለዋንጫ ካበቁ ከአሥር ዓመት በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1987 ድረስ አህጉሩን መርተዋል። አፍሪካን ሁሉ የመራ ሰው ያፈራች አገር፣ ለጎረቤት ክለብ አሰልጣኝ ማፍራት አቅቷት ልትቀመጥ አይገባትም። በመጪዎቹ ዓመታት የጎንደር ልጅ በካምፓላ ወይም በኪጋሊ ቡድን ሲመራ ካላየን፣ ምክንያቱን ከዕድል ላይ አንፈልገው፤ ያልላክነው እኛ ነን፣ ያልወጣውም እሱ ነው።

 አሁን ጥያቄና ተቃውሞ ያለው ይናገር፤ በተለይ ተቃውሞውን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።